አሥራ አንድ ጊዜ የጠፋ ወርቅ፣ አንድ ጊዜ የጠፋ ባል፦ የጉዳይ ጥናት ከፒያሳ

በሰኔ 2013 አንድ ጠዋት ቢሮዬ የመጣች ሴት ወንበር ይዛ ከተቀመጠች በኋላ መጀመሪያ ያለችኝ፣ «ጋሼ፣ የምነግርዎትን ሁሉ አይመኑ። እኔ ነገር እረሳለሁ» የሚል ነበር። ጥብቅና ከጀመርኩ ወዲህ «ይመኑኝ» እያለ የሚምል ባለጉዳይ እንጂ «አይመኑኝ» የሚል ገጥሞኝ አያውቅም። ባሏ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ፖሊስ ሁለት ጊዜ ቃሏን ተቀብሏል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ተጠርታለች። ሰፈሩ ደግሞ ፍርዱን ከሰጠ ቆይቷል።

ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ማንነት የሚያሳብቁ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ።

ባልና ሚስቱ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ፣ አራት አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ባለች የቀበሌ ቤት ይኖሩ ነበር። ከተጋቡ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም። እሱ ፒያሳ በሚገኝ ወርቅ ቤት ወርቅ ሠሪ ነው። እጁ የተመሰገነ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ ሰው መሆኑን ጎረቤት ሁሉ መስክሮለታል። እሷ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ይህን ስሰማ ማስታወሻዬ ላይ አሰመርኩበት። «እረሳለሁ» የምትል ሴት መተዳደሪያዋ በሺህ ከሚቆጠሩ ፋይሎች መካከል የተጠየቀችውን አውጥታ መስጠት ነው። አሥራ አምስት ዓመት በሥራዋ አንድ ፋይል አልጠፋባትም። የሚጠፋባት ቤቷ ውስጥ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የጠፋው የጆሮ ጉትቻዋ ነበር። አብረው ፈለጉት። ፍራሹን ያነሳውም፣ ቁም ሳጥኑን ያንቀሳቀሰውም እሱ ነው። ሲያጡት፣ «ለእህትሽ ሠርግ አድርገሽው ሄደሽ እዚያ ጥለሽው ይሆናል» አላት። ለሠርጉ ያደረገችው ሌላ ጉትቻ መሆኑን እርግጠኛ ነበረች፤ እሱ ግን በእርጋታ፣ እጇን ይዞ፣ ያን ቀን የለበሰችውን ቀሚስ ሳይቀር እየጠቀሰ አስረዳት። ቀስ በቀስ እሷም የሠርጉን ጉትቻ ያኛው አድርጋ ማየት ጀመረች። ከዚያ ቀለበት ጠፋ። ከዚያ የአንገት መስቀሏ። ሠራተኛቸው የነበረችው ልጅ በአምባር ምክንያት ተጠርጥራ ያለ ደመወዝ ተባረረች፤ ያባረረቻት ባለጉዳዬ ናት። ባል አማልዷል። «ልጅቱን አትበድያት፣ አንቺ ነሽ የምትረሺው» ብሎ።

በ2011 ክረምት ላይ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ጠበል ወሰዳት፤ ሁለት ሳምንት ተጠመቀች። ለጎረቤት ያስረዳው እሱ ነው፦ «ትንሽ ጭንቅላቷን እያመማት ነው፤ ዕቃ ታስቀምጥና ትረሳለች። አደራ፣ እንዳይሰማት።» እንዳይሰማት የተባለ ነገር በግቢ ውስጥ ምን ያህል ጮክ ብሎ እንደሚሰማ ማንም ያውቃል። ከጠበል ስትመለስ ሰዎች ሲያናግሯት ድምፃቸውን ዝቅ፣ ንግግራቸውን ዘግየት ማድረግ ጀምረው ነበር።

እንግዲህ ባሏ የጠፋባት ሌሊት ይህን ሁሉ ተሸክማ ነበር።

በግንቦት ወር አንድ ሐሙስ የእቁቡ ዳኛ መሥሪያ ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ ባሏ ስድስት ሳምንት እንዳልከፈለ ነገራት። ዕጣው በጥር ወጥቶለት ብሩን ተቀብሏል። ዋሱ እሷ ናት፤ ፈርማለች። ማታ ሲገባ ጠየቀችው፤ መለሰ፤ ጮኸች። ግቢው በሙሉ ሰማ። ጀበናውን መሬት ላይ ወረወረችው። ስብርባሪውን ሲለቅም መዳፉን ቆረጠው፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችለት። ተኛች። ጠዋት የለም። ስልኩ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ መታወቂያው የለም። እሷም ሰው የሚያደርገውን አደረገች፤ ደም የነካውን ነጠላና ወለሉን በበረኪና አጠበች። ጎረቤቷ በር ላይ ቆማ አየቻት።

ጩኸት፣ ደም፣ በረኪና፣ ትቶት የሄደ ስልክ፣ ጭንቅላቷን ያመማት የተባለች ሚስት። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? በድሮ ጊዜ ወንጀለኛው ያልታወቀ በደል ሲፈጸም የአገር ሰው ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ የዶሮ ማነቂያው አውጫጭኝ የተቀመጠው በየቡናው ዙሪያ ነው፤ እሷ በሌለችበት። እውነቱን ልናገርና እኔም ጠርጥሬያታለሁ። የመጀመሪያ ቀን ማስታወሻዬ ላይ «ነጠላው የት ነው?» ብዬ ጽፌያለሁ። ባልና ሚስት መጣላታቸውን የሰማ ሰው የቀረውን ታሪክ ራሱ ይጨርሰዋል፤ ጠበቃም ቢሆን።

አንድ ተጨማሪ ነገር ነበር። መርማሪው ቤቱን ሲፈትሽ የእድር ደረሰኝ አግኝቷል። ባልየው ከመጥፋቱ አንድ ቀን በፊት፣ ረቡዕ ዕለት፣ የአንድ ዓመት የእድር ክፍያ በአንድ ጊዜ ተከፍሏል። መርማሪው የጠየቃት ቀላል ጥያቄ ነበር፦ «የዓመት እድር ባንድ ጊዜ የሚከፍል ማን ነው?» እድር ለሞት የሚከፈል ነውና ጥያቄው ከጀርባው ሌላ ጥያቄ ነበረው። እሷ ከፍላ እንደሆነ አላስታወሰችም። «ከፍዬ ይሆናል» አለች። ይህን ቃል መርማሪው ጽፎታል።

ለሦስተኛው ጥሪ በዋዜማው መጣች። ያን ቀን ያለችኝን ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። «ጋሼ፣ ገድዬው ረስቼው ቢሆንስ?»

ነገሩ ለጆሮ የሚከብደውን ያህል ለባለሙያ እንግዳ አይደለም። በ1974 እ.ኤ.አ. በአይስላንድ ሁለት ሰዎች በተለያየ ጊዜ ጠፉ፤ አስከሬናቸው አልተገኘም። ተይዘው ለረጅም ጊዜ ለብቻ ታስረው የተመረመሩ ወጣቶች ገድለናል ብለው አመኑ፤ ከመካከላቸው በእርግጥም ያደረጉት የመሰላቸው ነበሩ። ጊስሊ ጉድዮንሰን የተባለው የአገራቸው የሥነ ልቦና ባለሙያ ይህን ሁኔታ በገዛ ትውስታ ላይ እምነት ማጣት ይለዋል፦ ሰው ትዝታውን መጠርጠር ሲጀምር ክፍተቱን ሌላ ሰው በሚነግረው ይሞላል። የአይስላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተፈረደባቸው ስድስት ሰዎች አምስቱን ከግድያው ነጻ ያወጣቸው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። የእኔ ባለጉዳይ ማንም አላሰራትም፣ ማንም አልመታትም። መርማሪውም ጨዋ ሰው ነበር። እሷን ለዚህ ያዘጋጃት ሥራ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቷ ውስጥ ተሠርቷል።

ያን ዕለት የሰጠኋት ምክር አጭር ነው። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 27 ለፖሊስ ጥያቄ መልስ ያለመስጠት መብት ይሰጣታል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ የሚሆን ቃል እንዲሰጥ እንደማይገደድ ይደነግጋል። «ነገ እንሄዳለን፤ ‹ይሆናል› የሚለውን ቃል ግን ከአፍዎ እንዳያወጡ» አልኳት። ‹ይሆናል› በጽሑፍ ሲሰፍር ‹ነው› እንደሚመስል መዝገብ ቤት ለምትሠራ ሴት ማስረዳት አላስፈለገኝም። በማግስቱ መልስ መስጠት እንደማትፈልግ ተናገረች፤ ተመዝግቦላት ተመለሰች። አስከሬን የለም፤ ምስክር የለም፤ መዝገቡ ክፍት ሆኖ ቀረ።

ነሐሴ ላይ የወርቅ ቤቱ ባለቤት ደወለላት። በባሏ ቦታ ሌላ ሠራተኛ ቀጥሮ መሳቢያውን ሲያስከፍት የግል ዕቃ አግኝቷል። አብረን ሄድን። ከሱቁ በስተጀርባ ያለችው ክፍል ሁለት ሰው በቅጡ አታቆምም፦ በጭስ የጠቆረ ግድግዳ፣ የማቅለጫ እሳት፣ ነፋስ እንዳይነካው በመስታወት የተከለለ ሚዛን። መሳቢያው ውስጥ ጉጠት፣ የሥራ መነጽር፣ ብዛት ያለው የስፖርት ውርርድ ትኬት፣ ከሥሩ ሽፋኑ የተገነጠለ ደብተር።

ደብተሩን እሷ ነች የገለጠችው። በማስመሪያ የተሰመሩ አምዶች አሉት፦ ቀን፣ ዕቃ፣ ካራት፣ ግራም። የመጨረሻው አምድ ራስጌ ላይ «የተመለሰ» ይላል። አሥራ አንድ መስመር ተሞልቷል። ጉትቻ፣ 4.2 ግራም። ቀለበት፣ 3.8። መስቀል ከነሐብሉ፣ 9.1። አምባር፣ 18.4። «የተመለሰ» በሚለው ሥር አንድም ነገር አልተጻፈም።

ምን ያህል ጊዜ እንደቆምን አላውቅም። ጣቷን በቀኑ አምድ ላይ አድርጋ ወደ ታች ወረደች። መስቀሉ ጋ ስትደርስ፣ «ሐምሌ 11» አለች። «ጠበል የወሰደኝ ነሐሴ ሁለት ነው።» አምባሩ ጋ ስትደርስ የሠራተኛዋን ልጅ ስም ጠራች። ከዚያ ደብተሩን ዘግታ የወርቅ ቤቱን ባለቤት፣ «ይህን ሁሉ እዚህ ነው ያቀለጠው?» ብላ ጠየቀችው። ሰውየው መሬት መሬቱን አየ።

የሌባ ደብተር ብዙ አይቻለሁ፤ የሚመልሰውን የሚመዘግብ ሌባ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይህ ሰው ሚስቱን ለማሳበድ አልተነሳም። ውርርድ ላይ ተሸነፈ፣ ጉትቻዋን ወሰደ፣ ሊመልስ አሰበ፣ እስከዚያው አንድ ውሸት አስፈለገው። ሁለተኛውን ዕቃ ሲወስድ የመጀመሪያው ውሸት ማጠናከሪያ ፈለገ። እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ እሷን የምትረሳ ሴት ማድረግ የቤቱ ሥርዓት ሆኖ ነበር። ይሉኝታው ከፍቅሩ በላይ ነበር ማለት ያስደፍራል። በሰው ፊት «ተሸነፍኩ» ከማለት ሚስቱን በሰው ፊት እብድ ማድረግ ቀለለው። ሌሎች ባለሙያዎች ከመጀመሪያው ክፋት ነበረበት ሊሉ ይችላሉ፤ እኔ ግን ያንን ባዶ አምድ አይቼዋለሁ።

የደብተሩን ቅጂና ትኬቶቹን ለመርማሪው አስገባሁ። የእድሩን ደረሰኝ ጉዳይም ተመለከትን፤ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ረቡዕ ዕለት ብሩን በእጁ የቆጠረለት ባልየው መሆኑን ቃሉን ሰጠ። ከዚያ በኋላ ፖሊስ አልጠራትም። የእቁቡን ዕዳ ሽማግሌዎች ገብተው በየወሩ እንድትከፍል ተስማማን። ልጅቷን፣ የተባረረችውን ማለቴ ነው፣ በደላላ በኩል አፈላለግን፤ አላገኘናትም። የስድስት ወር ደመወዟ በፖስታ ተደርጎ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ነጻ ወጣች ማለት ግን ተገላገለች ማለት አልነበረም። ባል የሞተባት ሴት ታለቅሳለች፣ ድንኳን ይጣልላታል፣ እርሟን ታወጣለች። ባል የፈታት ሴት ወረቀቷን ይዛ ትሄዳለች። ባል የጠፋባት ምን ታደርጋለች? ፖውሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ በቬትናም ጦርነት የደረሱበት የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንታ ይህን ያልለየለት እጦት አድርጋ ጽፋለች። እኛ ዘንድ ቃሉ ድሮም አለ፤ እርም አለመውጣት። አማቷ ደግሞ በስልክ አንድ ቀን «ልጄን ገድለሽዋል» ይሏታል፣ በሳምንቱ «ልጄ በሕይወት እያለ ልትቀብሪው ነው» ይሏታል። ሁለቱንም ከልባቸው ነው የሚሉት።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 154 አንድ ሰው ከጠፋና ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጥቅም አለኝ የሚል ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥለት ፍርድ ቤት ማመልከት እንደሚችል ይፈቅዳል። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የመጥፋት ውሳኔ እንደ ሞት ሁሉ ጋብቻን ያፈርሳል። ግንቦት 2015 ሁለት ዓመት ሞላ። አምስት ወር አቅማማች፤ በጥቅምት 2016 አመለከትን። ፍርድ ቤቱ ማመልከቻው በጋዜጣ እንዲወጣ አዘዘ። ወጣ። ማንም አልመጣም።

በመካከሉ ሰፈሩ ራሱ ጠፋ። በመጋቢት 2016 ፒያሳ ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲነሳ ዶሮ ማነቂያም ተነሳ፤ የግቢው ሰው ግማሹ ገላን ጉራ፣ ግማሹ ሌላ ቦታ ደረሰው። ባለጉዳዬ ዕቃዋን ስትጭን በሩ ላይ በከሰል አዲሱን አድራሻዋን ጻፈች። በሩ የሚፈርስ በር ነበር። ይህን ያየችው ጎረቤቷ፣ ያችው የበረኪናዋ፣ ናት የነገረችኝ። እያለቀሰች።

እድሩ ከመበተኑ በፊት በራሱ ድንኳን ሥር ለመጨረሻ ጊዜ ተሰብስቦ ሒሳብ ተነበበ፤ ያለው ብር ለአባላቱ ሊከፋፈል ነው። ገንዘብ ያዡ ስሟ ጋ ሲደርሱ፣ «እስከ ሰኔ 2016 የተከፈለ» ብለው አለፉ። እሷ ከባሏ መጥፋት ወዲህ አንድ ሳንቲም አልከፈለችም፤ አዝነው የማሯት መስሏት በሐፍረት ዝም ብላ ነበር። ከስብሰባው በኋላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ሁለት የባንክ ገቢ ደረሰኝ አወጡ፦ አንዱ የሰኔ 2014፣ አንዱ የሰኔ 2015፣ እያንዳንዱ የአንድ ዓመት ክፍያ። ከደቡብ አንድ ከተማ የገባ ነው። የገቢ አድራጊው ስም የማያውቁት ሰው ሆኖባቸው የማኅበር ዘመድ አድርገውት ነበር። እሷ ግን ስሙን ስታየው አወቀችው። የክርስትና ስሙ ነው። ከእሷና ከንስሐ አባቱ በቀር ማንም የማያውቀው።

ማታውኑ ደወለችልኝ። ማመልከቻችን በ«ወሬው አልተሰማም» ላይ የቆመ ነው፤ ይህ ደግሞ ወሬ ነው፣ ያውም ማህተም ያለው ወሬ። ለውሳኔ የተቀጠረው ቀን ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። «ባንነግራቸውስ?» አለችኝ። የሙያዬ መልስ አንድ ብቻ ነው፤ እያወቅሁ የሐሰት ነገር ፍርድ ቤት ፊት ላቆም አልችልም። ግን መናገር ከበደኝ። ይህች ሴት መርዶ ከተነፈገች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ መርዶው በእጇ ሊገባ ሲል ልወስድባት ነው። «ነገ ቢሮ ይምጡ» ብዬ ዘጋሁ።

በማግስቱ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ «እንንገራቸው» አለች። «ያለን ነገር የለም ማለት የእሱ ሥራ ነው። እኔ አልሠራውም።»

ማመልከቻውን አንስተን የፍቺ ክስ መሠረትን። ለፖሊስም በደብዳቤ አሳወቅን። ወደዚያ ከተማ ሰው ልልክ ፈቃደኛ ብሆንም እሷ አልፈለገችም። መጥሪያው በጋዜጣ ወጣ፤ አልቀረበም፤ በሌለበት ታየ። ሕጉ ዳኛው ከፍቺ በፊት ዕርቅን እንዲሞክር ስለሚያዝዝ፣ ዳኛዋ እንደ ሥርዓቱ ጠየቋት፦ «ቢመጣ ለመታረቅ ፈቃደኛ ነዎት?»

«ቢመጣ መጀመሪያ ወርቄን ይመዝንልኝ» አለች። ችሎቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሳቀ፤ ዳኛዋ አልሳቁም፤ አስመዘገቡት። በጥር 2017 ፍቺው ተወሰነ።

የእድሩን ክፍያ ለምን እንደቀጠለ እስካሁን የራሴ መልስ አላገኘሁም። ተጸጽቶ ሊሆን ይችላል፤ እሷ ብትሞት ቀባሪ እንዳታጣ ብሎ ሊሆን ይችላል። ወይም ራሱን ከእድሩ እንዳይሰረዝ ማድረጉ ሊሆን ይችላል፤ የጠፋ ሰውም የሚቀበርበትን አገር ይፈልጋል። እሷን ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች።

የውሳኔውን ግልባጭ ለመውሰድ ስትመጣ የሚያስፈልጓትን ሰነዶች ዘረዘርኩላት፤ «ማክሰኞ ዕለት እንደነገርኩዎት» ብዬ።

«ማክሰኞ አይደለም» አለች፣ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ እያስገባች። «ረቡዕ ነው። ከሰዓት በኋላ ነው የደወሉልኝ።»

ከሄደች በኋላ አጀንዳዬን ገለጥኩ። ረቡዕ ነበር።